ፎቶን በአንድ ደቂቃ ያደረሰው ሰው፦ የኤድዊን ላንድ ሕይወትና እስከ ኮልፌ የሚደርሰው ታሪኩ

ስልክ እያለ ካሜራ ማን ይፈልጋል ትሉ ይሆናል። ግን እዚህ አየር ጤና ልደት ወይም ምርቃት ሲኖር አንዲት ድቡልቡል ያለች ባለቀለም ካሜራ ከእጅ እጅ ስትዞር እያየን ነው። ጠቅ ሲያደርጓት ዚዝ ብላ ነጭ ካርድ ታወጣለች። ካርዱ ላይ መጀመሪያ ምንም የለም፤ ከዚያ ቀስ እያለ ፀጉር፣ ዓይን፣ ጥርስ ይመጣል። ስልክ ላይ 40 ጊዜ ተነስቶ 39ኙን የሚያጠፋ ልጅ እዚህ ጋ አንገቱን አስተካክሎ አንዴ ብቻ ይነሳል። አንዱ ፊልም ውስጥ ያለው 10 ፎቶ ብቻ ነዋ! ዋጋውም ቀልድ አይደለም።

ብዙ ፊልም የሚበላሸው ታዲያ ሲያነሱ ሳይሆን ፊልሙን ሲያስገቡ ነው። ስለዚህ ዛሬ ሁለት ነገር አንድ ላይ እናወራለን። ፊልሙ እንዴት እንደሚገባና፣ ያንን ነገር ማንም ሰው በሰከንዶች እንዲችለው ዕድሜውን የፈጀው ሰው ማን እንደነበረ። ሰውየው ኤድዊን ላንድ ይባላል፤ ፖላሮይድን የፈጠረው እሱ ነው። ታሪኩ አሜሪካ ጀምሮ ደቡብ አፍሪካ ይደርስና፣ በአንድ በኩል እኛ ሰፈር ኮልፌንም ይነካል። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ላንድ የተወለደው በግንቦት 1909 ብሪጅፖርት በምትባል የአሜሪካ ከተማ ነው። ቤተሰቡ ከኦዴሳ የተሰደዱ አይሁዶች ናቸው። አባቱ የብረታ ብረት ቁርጥራጭ ነጋዴ ነበር፤ በእኛ ቋንቋ ቆራሌው ሰብስቦ የሚያመጣውን በጅምላ የሚገዛው ዓይነት ሰው በሉት። ልጁ ከትንሽነቱ ጀምሮ ያበደው በብርሃን ነው።

በ17 ዓመቱ ሃርቫርድ ገባ። የመጀመሪያውን ዓመት እንደጨረሰ ጥሎ ወጣ። ወደ ኒውዮርክ ሄዶ ቀን ቀን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እያነበበ፣ ሌሊት ደግሞ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ ተደብቆ እየገባ ይሞክር ጀመር። በኋላ ሃርቫርድ ቢመለስም ዲግሪውን ሳይዝ ለሁለተኛ ጊዜ ወጣ። ሰዎች ዕድሜውን ሙሉ ዶክተር ላንድ ይሉት ነበር፤ ዶክትሬቱ ግን የክብር ነው፣ ሃርቫርድ ራሱ በ1957 የሰጠው።

(እዚህ ጋ ቆም እንበል። ትምህርት ማቋረጥ ጀግንነት ነው የሚል ፖስት ሊጽፍበት ያሰበ ካለ ይቅርበት። ሰውየው ከክፍል ወጣ እንጂ ከቤተ መጻሕፍት አልወጣም።)

ኒውዮርክ ላይ ይፈልግ የነበረው ነጸብራቅን የሚቀንስ ርካሽ ማጣሪያ ነው። በጊዜው ያንን የሚያደርገው ውድ ክሪስታል ነበር። ላንድ ደቃቅ ክሪስታሎችን በቀጭን ላስቲክ ላይ በአንድ አቅጣጫ ደርድሮ ሉህ ሠራ። በ1929 ለፈጠራው የባለቤትነት መብት አመለከተ፤ ያኔ 19 ዓመቱ ነው። በ1932 ከፊዚክስ አስተማሪው ከጆርጅ ዊልራይት ጋር ላብራቶሪ ከፈቱ፣ በ1937 ደግሞ ፖላሮይድ የሚባለው ኩባንያ ተቋቋመ። ፖላራይዝድ የሚል የፀሐይ መነጽር ካያችሁ መነሻው ይህ ነው።

ትልቁ ሕልሙ ግን መነጽር አልነበረም። ማታ ከፊት የሚመጣ መኪና መብራት ዓይን ያጠፋል አይደል? ማጣሪያውን የመኪና መብራትና መስታወት ላይ አድርጎ ያንን ችግር ሊያጠፋው ነበር ያሰበው። የመኪና አምራቾቹ አልተቀበሉትም። ዛሬም ማታ በጅማ መንገድ የነዳ ሰው ያ ሕልም እንዳልተሳካ ያውቃል።

ከዚያ 1943 መጣ። የዓለም ጦርነት ላይ ነው፣ ኩባንያው ለጦር ሠራዊቱ መነጽርና የዕይታ መሣሪያ ይሠራል። ላንድ ቤተሰቡን ይዞ ለእረፍት ሳንታ ፌ የምትባል ከተማ ሄደ። የሦስት ዓመት ልጁን ጄኒፈርን ፎቶ አነሳት። ልጅቷ ፎቶውን አሁኑኑ ለምን ማየት እንደማትችል ጠየቀችው።

ዛሬ የሦስት ዓመት ልጅ ፎቶ ሲነሳ ወዲያው ሮጦ ስልኩን ይቀማል። በ1943 ግን ጥያቄው እንደ እብደት ነበር። ፎቶ ማለት ፊልሙ እስኪያልቅ መጠበቅ፣ ፎቶ ቤት መውሰድ፣ መታጠብ፣ መታተም፣ ተመልሶ ሄዶ መቀበል ነው። እኛም ሀገር ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ቤተ መንግሥቱን ያነሱት አርመናውያኑ ቦያጂያኖች በዚሁ መንገድ ነው የሠሩት፤ ካሜራ አንድ ቦታ፣ ጨለማ ክፍል ሌላ ቦታ። ታላቅ ወንድም ወይም እህት ያላችሁ ጠይቋቸው፤ 36ቱ ፎቶ ታጥቦ ሲመጣ ግማሹ ጥቁር የሆነበት ትዝታ የሌለው የለም።

ላንድ ጥያቄውን ይዞ ለእግር ጉዞ ወጣ። እሱ ራሱ በኋላ እንደተናገረው በአንድ ሰዓት ውስጥ ካሜራውም፣ ፊልሙም፣ ኬሚስትሪውም ጭንቅላቱ ውስጥ ተሠራ። አጋጣሚ ሆኖ የፈጠራ መብት ጠበቃው እዚያው ከተማ ስለነበር ወዲያው ሄዶ አስረዳው። ያቺ አንድ ሰዓት በጣም ጥሩ ታሪክ ናት፤ እኛ ግን ይበልጥ የሚገርመን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ጭንቅላት ውስጥ ያለቀው ነገር ሱቅ እስኪደርስ አምስት ዓመት ፈጀ።

ሐሳቡ በቀላሉ ሲነገር እንዲህ ነው። ጨለማ ክፍሉን ፊልሙ ውስጥ ክተተው። አንድ ብርሃን የሚቀበል ንጣፍ አለ፣ ኔጌቲቩ። ፊት ለፊቱ ፎቶው የሚወጣበት ወረቀት አለ። በሁለቱ መሃል ደግሞ ወፈር ያለ ኬሚካል የያዘች ትንሽ የታሸገች ከረጢት ትቀመጣለች፤ የሻምፖ ሳሼት አስቡ። ፎቶው ከተነሳ በኋላ ሁለቱ ንጣፎች ተጠጋግተው በሁለት የብረት ዘንጎች መሃል ያልፋሉ። ዘንጎቹ ከረጢቷን ያፈነዱና ኬሚካሉን እንደ ቅቤ እኩል ይቀቡታል። ብርሃን ያላገኘው የኔጌቲቩ ብር ሟሙቶ ወደ ወረቀቱ ይሻገርና እዚያ ይጠቁራል። ፎቶው ያ ነው።

በየካቲት 1947 ኒውዮርክ ላይ በኦፕቲክስ ባለሙያዎች ስብሰባ ፊት የራሱን ፎቶ አንስቶ፣ ጠብቆ፣ ልጦ አሳያቸው። በኅዳር 1948 ቦስተን ውስጥ አንድ ትልቅ መደብር ካሜራውን ለገበያ አወጣ። ዋጋው ከ90 ዶላር ትንሽ ቢያንስ ነው፤ ለዚያ ዘመን ብዙ ብር ነው። ለሳምንታት ይበቃሉ ተብለው የቀረቡት ከ60 የማይበልጡ ካሜራዎች በአንድ ቀን አለቁ።

ግን ያቺ የመጀመሪያዋ ካሜራ ለማስገባትም ለማውጣትም ሥራ ነበረባት። ፊልሙ ሁለት ጥቅል ነው፤ አንዱ ኔጌቲቭ፣ አንዱ ወረቀት። ጀርባዋን ከፍቶ አንዱን በዚህ ጫፍ፣ ሌላውን በዚያ ጫፍ ማስቀመጥ፣ ምላሱን በዘንጎቹ መሃል ማሳለፍ፣ መዝጋት። ካነሱ በኋላ ምላሱን በአንድ ጊዜ ቀጥ አድርጎ መጎተት። ከቆመ ወይም ከተንቀጠቀጠ ኬሚካሉ እኩል አይዳረስም፣ ፎቶው ላይ መስመር ይወጣል። 60 ሰከንድ ይቆጠራል፤ ከዚያ ጀርባውን ከፍቶ ፎቶውን መላጥ። ቀለሙ ቡናማ ነበር። ጥቁርና ነጭ ሲመጣ ደግሞ ቶሎ ስለሚደበዝዝ ላዩን በፈሳሽ መቀባት ግድ ሆነ። ፎቶ እያወዛወዙ ማድረቅ የተለመደው እንዲህ ባሉ እርጥብ ሆነው በሚላጡ ፎቶዎች ዘመን ነው።

ላንድ ከዚያ በኋላ 25 ዓመት የሠራው ሥራ በአጭሩ ይህንን ጣጣ አንድ በአንድ መቀነስ ነው። ብቻውን አይደለም። የጥቁርና ነጭ ፊልሙን ምርምር የመራችው ሜሮይ ሞርስ የምትባል ሴት ናት፣ የተማረችው ደግሞ የሥነ ጥበብ ታሪክ ነው። ላንድ ኬሚስት ያልሆኑ፣ ግን ዓይናቸው የሠለጠነ ሴት ምሩቃንን ቀጥሮ ላብራቶሪ ያስገባ ነበር፤ በዚያ ዘመን ይህን የሚያደርግ ብዙ አልነበረም። የቀለሙን ሥራ የያዘው ሃዋርድ ሮጀርስ ነው። ላንድ ራሱ ሥራ ከያዘ ምግብም እንቅልፍም ይረሳል፤ ረዳቶቹ በፈረቃ ይቀያየራሉ፣ እሱ አይቀየርም።

በ1963 የቀለም ፊልም ወጣ፤ በዚያው ዓመት ጥቅሉ ቀረና ፊልሙ በጠፍጣፋ ማሸጊያ መጣ። አሁን ማስገባት ማለት ጀርባ ከፍቶ ማሸጊያውን ጠቅ አድርጎ ማስቀመጥ ብቻ ሆነ። ሆኖም አሁንም መጎተት አለ፣ መላጥ አለ፣ ኬሚካል የነካው ቆሻሻ ወረቀት አለ።

እዚህ ጋ ላንድን ትተን ሌላ አቅጣጫ እንሂድ፤ ምክንያቱም ለእኛ ለአፍሪካውያን የዚህ ሰው ታሪክ የሚከብደው እዚህ ነው።

ፎቶ በአንድ ደቂቃ ከደረሰ ማን በጣም ይወደዋል? ልደት አክባሪ ብቻ አይደለም። መታወቂያ የሚሰጥ ቢሮም ይወደዋል። ጉርድ ፎቶ ይዘህ ና ብሎ መመለስ የለ፣ እዚያው አንስቶ እዚያው መለጠፍ ነው። ፖላሮይድ ለዚህ ሥራ ራሱን የቻለ የመታወቂያ ካሜራ ሠርቶ ይሸጥ ነበር።

በደቡብ አፍሪካ ደግሞ በ1952 በወጣ ሕግ ከ16 ዓመት በላይ የሆነ ጥቁር ሁሉ ፎቶው የተለጠፈበት የይለፍ ደብተር ሳይዝ መንቀሳቀስ አይችልም። የት እንደሚሠራ፣ የት መኖር እንደሚፈቀድለት እዚያ ላይ ተጽፏል። ሳይዝ የተገኘ ይታሰራል። በመጋቢት 1960 ሻርፕቪል ላይ ይህንን ደብተር ተቃውመው የወጡ 69 ሰዎች በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። ከቀናት በኋላ ኔልሰን ማንዴላ የራሳቸውን ደብተር በአደባባይ አቃጠሉ።

ማንዴላ ከዚያ የት እንደመጡ ታውቃላችሁ። በ1962 ተደብቀው ከሀገር ወጥተው አዲስ አበባ ገቡ፤ ወታደራዊ ስልጠና የወሰዱት እዚሁ ክፍለ ከተማችን ውስጥ ኮልፌ ነው፣ የፖሊስ ሠራዊቱ ማሰልጠኛ። ኃላፊነቱን ከያዙት አንዱ ያኔ ኮሎኔል የነበሩት፣ በኋላ ጄኔራል ታደሰ ብሩ ናቸው። በሀገራቸው ያለ ደብተር መንገድ መሻገር የማይፈቀድላቸው ሰው በአፍሪካ የተዘዋወሩት ዴቪድ ሞትሳማዪ በሚል ስም በወጣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው። ስልጠናው ሳያልቅ ተጠርተው ተመለሱና በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ተያዙ። ከዚያ 27 ዓመት እስር።

እሳቸው ታስረው ሳለ፣ በ1970 መስከረም አልፎ ጥቅምት ላይ፣ ፖላሮይድ ውስጥ ሁለት ጥቁር አሜሪካውያን ሠራተኞች አንድ ነገር አዩ። ካሮሊን ሃንተር ኬሚስት ናት፣ ኬን ዊልያምስ ፎቶ አንሺ። ቢሮ ውስጥ ያገኙት ለደቡብ አፍሪካ ማዕድን መሥሪያ ቤት የተዘጋጀ የናሙና መታወቂያ ነው። ሁለቱ ሄደው አጣሩ። ኩባንያቸው በወኪል በኩል ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከ1938 ጀምሮ ሲሸጥ ኖሯል፣ ካሜራውና ፊልሙም የይለፍ ደብተር ፎቶ ማንሻ ሆኗል። እነሱም ፖላሮይድ ጥቁርን በ60 ሰከንድ እንደሚያስር የሚገልጽ ወረቀት ጽፈው መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ለጠፉ።

ጥያቄያቸው ግልጽ ነበር፦ ከደቡብ አፍሪካ ውጡ፣ አፓርታይድን በይፋ አውግዙ፣ እዚያ ያገኛችሁትን ትርፍ ለነጻነት ትግሉ ስጡ።

ላንድ አልተቀበለም። እንግዲህ ይህ ሰው ከስደተኛ አይሁድ ቤተሰብ የተወለደ፣ ሴቶችን ላብራቶሪ ያስገባ፣ ኩባንያው ጥቁሮችን በመቅጠር ከብዙዎቹ የተሻለ ስም የነበረው ሰው ነው። ኩባንያው አራት ሠራተኞችን፣ ሁለት ጥቁር ሁለት ነጭ፣ ልኮ ሁኔታውን አስጠና። በጥር 1971 መልሱ መጣ። ለመንግሥቱ መሸጥ እናቆማለን፣ ግን ሀገሩን አንለቅም፤ ወኪሉ ለጥቁር ሠራተኞቹ ደመወዝ ያሻሽላል፣ ለትምህርት ገንዘብ እንሰጣለን። ሙከራ ብለው ጠሩት። ሃንተርና ዊልያምስ ጉዳዩን ይዘው በየካቲት የተባበሩት መንግሥታት ፊት ቀርበው መሰከሩ። ዊልያምስ ቀድሞ ሥራውን ለቅቆ ነበር፣ ሃንተር በዚያው ወር ተባረረች።

ሙከራው ስድስት ዓመት ሄደ። በ1977 አንድ የቦስተን ጋዜጣ ወኪሉ ፊልሙን በድብቅ ለመንግሥቱ መሸጡን እንደቀጠለ አወጣ። ፖላሮይድ ያኔ ጠቅልሎ ወጣ።

እኛ በዚህ ላይ ላንድን ነጻ አናወጣውም። አላወቀም እንዳይባል ሠራተኞቹ በ1970 ነግረውታል። ማሽኑን ለማቅለል 30 ዓመት የደከመ ሰው ማሽኑ ለምን ሥራ እንደሚቀል ለማየት የፈጀበትን ጊዜ ስናስብ ይከብደናል። ብዙ የሕይወት ታሪኮቹ ይህንን በሁለት መስመር ያልፉታል። እኛ ኮልፌ ሆነን ማለፍ አንችልም። ካሮሊን ሃንተር በኋላ አስተማሪ ሆነች። ከአሜሪካ ኩባንያዎች ከደቡብ አፍሪካ ውጡ የሚለው ግፊት ቀድሞ ከተነሳባቸው ቦታዎች አንዱ የሁለቱ ወረቀት ነው።

ወደ ላንድ እንመለስ። ሠራተኞቹ በተቃወሙባቸው በእነዚያው ዓመታት እሱ የሕይወቱን ትልቁን ካሜራ እየሠራ ነበር።

በ1972 የኩባንያው ባለአክሲዮኖች ስብሰባ ላይ ከኮቱ ኪስ አንድ ጠፍጣፋ ነገር አወጣ። ሲዘረጋው ካሜራ ሆነ። በ10 ሰከንድ አምስት ፎቶ አነሳ። ኤስኤክስ-70 የምትባለው ናት። ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ስቲቭ ጆብስ መድረክ ላይ ወጥቶ ከኪሱ ዕቃ ሲያወጣ ሰው ተገረመ፤ ጆብስ ግን ላንድን እንደ ጀግናው የሚያይ፣ በአካልም ሄዶ ያገኘው ሰው ነው። ከየት እንደተማረው እናንተ ፍረዱ።

ኤስኤክስ-70 ላይ መጎተት ቀረ፣ መላጥ ቀረ፣ መቁጠር ቀረ። ፎቶው በሞተር ይወጣና ፀሐይ ላይ እያያችሁት ይበስላል። ይህ እንዴት ይሆናል? ያልታጠበ ፊልም ብርሃን ካገኘ ያልቅለታል አይደል? ዘዴው ከረጢቷ ውስጥ ነው። ኬሚካሉ ብርሃን የሚከልል ቀለም ይዟል፤ ዘንጎቹ ሲቀቡት እንደ መጋረጃ ሆኖ ከሥሩ ያለውን ይሸፍናል። ሥር ሥሩን ፎቶው ሠርቶ ሲጨርስ መጋረጃው ራሱ ቀለሙን እያጣ ይገለጣል። ስለዚህ ይህንን ዓይነት ፎቶ ማወዛወዝ ምንም አይጠቅመውም፣ ላዩ የታሸገ ነው፤ እንዲያውም ሊጎዳው ይችላል። በ2003 ሄይ ያ የሚለው ዘፈን ዓለምን ሲያናውጥ ኩባንያው እባካችሁ ፎቶውን አታወዛውዙ ብሎ እስከማሳወቅ ደርሷል።

ፊልም ማስገባቱስ? ከፊት ያለውን በር ዝቅ ማድረግ፣ ማሸጊያውን እንደ መሳቢያ መግፋት፣ በሩን መዝጋት፣ በቃ። ካሜራዋ ራሷ የላይኛውን ጥቁር መከለያ ትተፋለች፣ ያኔ 10 ፎቶ ዝግጁ ነበር። የላንድ ብልሃት ደግሞ ባትሪው ላይ ነው። ጠፍጣፋ ባትሪ ሠርተው ፊልሙ ማሸጊያ ውስጥ ከተቱት። ፊልም በቀየራችሁ ቁጥር አዲስ ባትሪ ታገኛላችሁ፤ ባትሪ ሞተብኝ የሚባል ነገር የለም።

ዛሬ በእጃችሁ ያለችው ምናልባት የፉጂዋ ኢንስታክስ ሚኒ ትሆናለች፣ በ1998 የመጣችው። እሷ ባትሪዋ ካሜራው ውስጥ ነው፣ አገባቡ ግን የዚያው ልጅ ነው። ጥላ ሥር ሁኑ። ማሸጊያውን በጎንና በጎኑ ያዙት፤ ጀርባው ላይ ያሉትን ሁለት ቀዳዳዎች በጣት አትጫኑ፣ ፊልሙ ያለው እዚያ ነው። ካሜራው ውስጥ ያለውን ቢጫ ምልክት ከፊልሙ ቢጫ ምልክት ጋር አግጥሙ። በሩን ዝጉ፣ አንዴ ጠቅ አድርጉ፣ ጥቁሩ መከለያ ይወጣል። ቁጥሩ 10 ይላል፤ ከዚያ ወደ ታች ይቆጥራል። ዜሮ ሳይደርስ በሩን ስንት ቀረው ብሎ መክፈት የለም! ከከፈታችሁ ብርሃን ይገባና የቀሩት ፎቶዎች ላይ ነጭ ይሆንባችኋል።

ለፖላሮይድ ፊልም ደግሞ ብርድ ጠላቱ ነው። ከ13 ዲግሪ በታች ከሆነ ፎቶው ይገረጣል። ሐምሌና ነሐሴ ማታ ካነሳችሁ ካርዱን ወዲያው ጃኬት ውስጥ ክተቱት።

የላንድ መጨረሻ አላማረም። በ1976 ኮዳክ የራሱን ፈጣን ካሜራ አወጣ። ኮዳክ ማለት በ1934 የላንድን ማጣሪያ የገዛ የመጀመሪያው ትልቅ ደንበኛ፣ በኋላም ለፖላሮይድ ኔጌቲቭ ሲያመርት የኖረ ኩባንያ ነው። ላንድ ከሰሰ፣ ራሱ ቀርቦ መሰከረ። ክሱ ዓመታት ፈጀ፤ በ1986 ኮዳክ ከገበያው እንዲወጣ ተደረገ፣ ካሳውም ከ900 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። ፍርዱ ሲመጣ ግን ላንድ ኩባንያው ውስጥ አልነበረም።

ያወጣው ፖላቪዥን ነው። በ1977 ያቀረበው ፈጣን የፊልም ካሜራ፤ ቪዲዮ በሉት። አንዱ ካሴት ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ነው የሚያነሳው፣ ድምፅ የለውም። ቪዲዮ ካሴት ደግሞ በዚያው ሰሞን መጣ። ኩባንያው ወደ 70 ሚሊዮን ዶላር ከሰረበት። ላንድ በ1980 ዋና ሥራ አስፈጻሚነቱን፣ በ1982 ደግሞ ሊቀመንበርነቱን ለቀቀ። አኩርፎ ቁጭ አላለም፤ የራሱን የምርምር ተቋም ከፍቶ ዓይናችን ቀለምን እንዴት እንደሚያይ ወደሚያጠናው የድሮ ፍቅሩ ተመለሰ። በመጋቢት 1 ቀን 1991 በ81 ዓመቱ ሞተ። በስሙ የተመዘገቡ የአሜሪካ ፈጠራዎች ከ500 በላይ ናቸው። የግል ወረቀቶቹን ረዳቱ ቆራርጣ አጠፋቻቸው። የዓለምን ፎቶ አሁኑኑ እዩ ያለ ሰው የራሱን ማስታወሻ ማንም እንዲያየው አልተወም።

ኩባንያው በ2001 ከሰረ፣ በ2008 ፊልም ማምረት እንደሚያቆም አስታወቀ። ፋብሪካዎቹ ሲዘጉ ኔዘርላንድስ ውስጥ የነበረውን የመጨረሻውን ማሽን ጥቂት ሰዎች ገዝተው አተረፉት። አንዳንዱ ኬሚካል ከገበያ ስለጠፋ ፊልሙን እንደ አዲስ መፈልሰፍ ነበረባቸው። በ2010 የመጀመሪያውን ሸጡ፤ ዛሬ ፖላሮይድ የሚለውን ስም የያዙት እነሱ ናቸው።

ስለዚህ አጎታችሁ ከውጭ ያመጣው አሮጌ ፖላሮይድ ቁምሳጥን ላይ ካለ አትጣሉት። መጀመሪያ ካሜራው ላይ ያለውን ጽሑፍ እዩ፤ 600 የሚል ከሆነ 600 የሚል ፊልም፣ ኤስኤክስ-70 ከሆነ የራሱን። አይ-ታይፕ የሚለውን ረከስ ስላለ ብቻ ገዝታችሁ እንዳትመጡ። ብታስገቡት ካሜራው አንዲት ድምፅ አያሰማም፣ የተበላሸ ይመስላችኋል። አልተበላሸም። አይ-ታይፕ ባትሪ የለውም፤ አሮጌው ካሜራ ደግሞ ባትሪውን የሚጠብቀው ላንድ በ1972 ካስቀመጠው ቦታ፣ ከፊልሙ ውስጥ ነው።